ትልቁ አውራ ለገበያ፣ ትንሹ ለዘር

የፋሲካ ጾም ሊፈታ ሳምንት ሲቀረው የገጠር ገበያ በዶሮ ይሞላል። እግሩ የታሰረ፣ ደረቱ የሰፋ፣ ላባው የሚያብረቀርቅ አውራ ከሁሉ ቀድሞ ገዥ ያገኛል። ገዥው ብድግ አድርጎ በእጁ ይመዝነዋል፤ ደረቱን ዳሰስ ያደርጋል፤ ዋጋ ተከራክሮ ይዞት ይሄዳል። ሻጯም በገንዘቡ ዘይትና ቅመም፣ ሲተርፍም ለልጆቿ ደብተር ሸምታ ትመለሳለች። በዚህ የሚወቀስ የለም፤ ዶሮ የሚረባው ለዚሁ ነው። የሚያሳስበው ገበያ የወጣው ሳይሆን ቤት የቀረው ነው።

ቤት የቀረው ለበዓሉ ያልደረሰው ወይም ገበያ ወጥቶ ገዥ አጥቶ የተመለሰው ቀጭን አውራ ነው። በዓሉ ሲያልፍ የግቢው ብቸኛ ወንድ እሱ ይሆናል። እናቱን ይሰርራል፤ ከአንድ እቅፍ የወጡ እህቶቹንም ይሰርራል። ከዚያ ስሪያ ከሚፈለፈሉት ወንዶች መካከልም ትልቁ ለእንቁጣጣሽ ወይም ለገና ይሸጥና ትንሹ ይቀራል። አርሶ አደሩ በዚህ ሁኔታ በየዓመቱ ሳያውቀው ዘር ይመርጣል፤ ምርጫው ግን የተገላቢጦሽ ነው።

በስንዴ ወይም በጤፍ ቢሆን ይህን የሚያደርግ አርሶ አደር የለም። ለዘር የሚሆነው ገና በማሳ ላይ ሳለ በዓይን ተለይቶ፣ ለብቻው ተወቅቶ ይቀመጣል። ቸግሮት ዘሩን የበላ ሰው ጎረቤት ያዝንለታል። ለዶሮ ግን ይህ ልማድ ብዙም አልዳበረም። ምናልባት ዶሮ በቁጥሯ ብዙ፣ በዋጋዋ ትንሽ ተደርጋ ስለምትታይ ይሆናል። ይሁንና በሀገሪቱ ካሉት ከ50 ሚሊዮን በላይ ዶሮዎች አብዛኞቹ የሀገረሰብ ዝርያዎች ናቸው፤ የሚረቡትም በየግቢው፣ በአብዛኛው በእናቶች እጅ ነው። የዘሩ ዕጣ የሚወሰነውም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

የዝምድና ስሪያ ምን ያስከትላል?

አንድ ጫጩት የዘር ውርሱን ግማሽ ከአባቱ፣ ግማሹን ከእናቱ ይወስዳል። በማንኛውም ዶሮ ውስጥ ተሸሽገው የሚኖሩ ጎጂ ባሕርያት አሉ። ከአንዱ ወላጅ ብቻ ሲመጡ ብዙውን ጊዜ አይገለጡም። አባትና እናት ዘመዳሞች ሲሆኑ ግን ያው ጎጂ ባሕርይ ከሁለቱም ወገን የመምጣት ዕድሉ ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ይገለጣል። የእንስሳት እርባታ ሳይንስ ይህን ዕድል በመቶኛ ያሰላዋል። ከወንድምና ከእህት ወይም ከአባትና ከሴት ልጁ ስሪያ የሚፈለፈል ጫጩት የዝምድና መጠኑ 25 በመቶ ነው። ወላጆቹ በአባት ብቻ የሚገናኙ እህትና ወንድም ከሆኑ 12 ነጥብ 5 በመቶ ይሆናል። ያው አውራ ሳይቀየር ቆይቶ፣ ከገዛ ልጁ ያስገኛትን ቄብ መልሶ ከሰረረ ደግሞ መጠኑ ወደ 37 ነጥብ 5 በመቶ ያድጋል። የሀገረሰብ ቄብ በሰባት በስምንት ወሯ እንቁላል መጣል ትጀምራለችና፣ አንድ አውራ በአንድ ግቢ ሦስት ዓመት ከቆየ እዚህ መድረሱ አያስገርምም።

ምልክቱ በአንድ ጊዜ አይታይም፤ ችግሩን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይህ ነው። አምና ከ12 እንቁላል 10 ጫጩት የሰጠች ዶሮ ዘንድሮ 7 ትሰጣለች፤ የልጇ ልጅ ደግሞ 5። የተፈለፈሉት ጫጩቶች ክንፋቸውን ጥለው ያንቀላፋሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያልቃሉ። አልፎ አልፎ እግሩ የተጣመመ ወይም ምንቃሩ የተዛነፈ ጫጩት ይወጣል። ቄቦቹ እንቁላል ለመጣል ይዘገያሉ፤ በሽታ ሲገባም ቀድመው የሚወድቁት እነሱ ናቸው። ባለቤቷ "ዘንድሮ ዶሮ አልሰምር አለኝ" ትላለች፤ ምክንያቱን በዓይነ ጥላ ወይም በጭልፊት ታሳብባለች።

ያልተፈለፈለ እንቁላል ሁሉ ግን የዝምድና ስሪያ ውጤት አይደለም። ቸኩሎ መፍረድ ያሳስታል። ለማረጋገጥ የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ። ዶሮዋ በታቀፈች በ7ኛው ቀን፣ በምሽት፣ እንቁላሉን በባትሪ ወይም በእጅ ስልክ መብራት ላይ አድርጎ ማየት ነው። በውስጡ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ የደም ሥር ከታየ ጽንሱ በሕይወት አለ። ጥርት ብሎ ምንም የማይታይበት እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ ዘር ያልገባበት ነው። እንዲህ ያለው ከበዛ ችግሩ ያለው አውራው ዘንድ ነው፤ አርጅቶ፣ ታምሞ ወይም ከአቅሙ በላይ ዶሮ በዝቶበት ይሆናል። ለአንድ አውራ አሥር ያህል ዶሮ ይበቃዋል። የደም ቀለበት ብቻ የሚታይበት ወይም እስከ 21ኛው ቀን ደርሶ ጫጩቱ ውስጡ የሞተበት እንቁላል ደግሞ ሌላ ይናገራል። እንቁላሉ ከመታቀፉ በፊት ከአሥር ቀን በላይ ቆይቶ፣ ሙቀት መትቶት ወይም እናቲቱ ከጎጆዋ እየተነሣች አብርዳው ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁሉ ተስተካክለው፣ እንቁላሉ ትኩስ፣ ታቃፊዋም የታወቀች ሆና፣ ከእቅፍ እቅፍ ያው ውጤት ከተደጋገመ ግን ዝምድናን መጠርጠር ይገባል።

የአንድ ቤት ሥራ አይደለም

ይህን የተረዳ አንድ አርሶ አደር ራቅ ካለ ገበያ አዲስ አውራ ገዝቶ ቢመጣ ችግሩ ይፈታል? በከፊል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይፈታም። የገጠር ዶሮ አጥር አያግዳትም። ውላ የምትለቅመው ከጎረቤት ማሳና ከአውድማ ዳር ነው፤ የሚሰርራትም ያገኛት አውራ ነው። የጎረቤቱ አውራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእሷው ቤት በስጦታ ወይም በርቢ የሄደ ወንድሟ ነው። ስለዚህ መታየት ያለበት የአንድ ቤት ሳይሆን ዶሮዎቻቸው የሚቀላቀሉ ቤቶች ሁሉ፣ ማለትም የጎጡ መንጋ ነው።

የቁጥሩ ልዩነት ይህን በግልጽ ያሳያል። አንድ አውራና ስድስት ዶሮ ያለው፣ ከውጭ ምንም የማይገባበት መንጋ በእያንዳንዱ ትውልድ የዝምድና መጠኑ በ14 ነጥብ 6 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አሥር ቤቶች አሥር አውራዎችና ስልሳ ዶሮዎች ይዘው እንደ አንድ መንጋ ቢቆጠሩ ጭማሪው ወደ 1 ነጥብ 5 በመቶ ይወርዳል። ስሌቱ የሚሠራው ግን አሥሩ አውራዎች ወንድማማቾች ካልሆኑ ነው። አንዷ እናት ጥሩ ፈልፍላ አሥሩም ቤቶች ከእሷ ወንድ ጫጩት ከወሰዱ፣ አሥር አውራ ይቆጠራል እንጂ በዘር በኩል ያለው አንድ አውራ ነው።

ሌላው ነገር ወንድ ላይ ማተኮሩ ነው። አንዲት ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ከዚያ ውስጥ ለመታቀፍ የሚቀርበው ጥቂቱ ነው። አንድ አውራ ግን በዙሪያው ላሉት ዶሮዎች ጫጩቶች ሁሉ አባት ነው። አውራውን መለወጥ የቀጣዩን ትውልድ ግማሽ ዘር መለወጥ ነው።

ሦስት ጎጥ፣ አንድ አቅጣጫ

ዘራቸው እንዳይጠፋ የሚጠበቁ ዶሮዎችን የሚያረቡ ተቋማት ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙበት ዘዴ በቀበሌ ደረጃም ሊሠራበት የሚችል ነው። ዘዴው መንጋውን በቤተሰብ ከፍሎ ወንዶቹን በዙር ማስተላለፍ ነው። ቀበሌው በወንዝ፣ በሜዳ ወይም በርቀት የተለያዩ ሦስት ጎጦች አሉት እንበል፤ የላይ ጎጥ፣ የመካከል ጎጥና የታች ጎጥ። ዶሮዎችና ቄቦች በተወለዱበት ጎጥ ይቀራሉ። ከቦታቸው የሚንቀሳቀሱት ለዘር የተመረጡት ወንዶች ብቻ ናቸው። የላይ ጎጥ ወጣት አውራዎች ወደ መካከል፣ የመካከሎቹ ወደ ታች፣ የታቾቹ ወደ ላይ ይሄዳሉ። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ፤ ሁልጊዜ በዚያው አቅጣጫ።

አቅጣጫው እንዳይገለበጥ መጠንቀቅ የዘዴው ዋና ጉዳይ ነው። በመካከል ጎጥ የተወለደው ወጣት አውራ አባቱ ከላይ ጎጥ የመጣ ነው። ወደ ታች ከሄደ የሚያገኛቸው ዶሮዎች እህቶቹ አይደሉም። ወደ ላይ ከተመለሰ ግን ከአባቱ እህቶችና እናት ጋር ይገናኛል፤ ልፋቱም ከንቱ ይሆናል። ሦስት ጎጥ ለዚህ ዘዴ ትንሹ ቁጥር ነው። አራት ወይም አምስት ከሆነ ዙሩ ስለሚረዝም ዝምድናው ይበልጥ ይራራቃል።

ይህ ሲሠራ የሚነሣው የመጀመሪያው ጥያቄ የገንዘብ ነው። የአምስት ወር ቆንጆ አውራ ያላት እናት ለምን ለሌላ ጎጥ ትሰጣለች? ዙሩ የተሟላ ከሆነ እሷም በምትኩ ከሌላው ጎጥ ትቀበላለች፤ ልዩነት ካለ በምራቂ ወይም በእንቁላል ይካካሳል። የማይሳካው አንዱ ጎጥ ምርጡን ልኮ ሌላው ቀጭኑን ሲሰጥ ነው። ስለዚህ ምርጫው በባለቤቷ ብቻ ሳይሆን ከየጎጡ በተውጣጡ፣ ዶሮ በማርባት በታወቁ ሴቶች ቢከናወን የተሻለ ነው። እነሱ የማን ዶሮ ስንት ጫጩት እንዳሳደገች ያለ መዝገብም ያውቃሉ።

የአሠራሩ ዓይነት በበጎች ላይ ተሞክሯል። በመንዝ፣ በቦንጋና በሆሮ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ኅብረተሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ የተነሣው ከተመሳሳይ ችግር ነው፤ ፈጥኖ የሚያድገው ጠቦት ቀድሞ ለገበያ ይወጣና ቀርፋፋው ለዘር ይቀራል። በዚያ አሠራር ማኅበረሰቡ ምርጥ ጠቦቶችን ገና ሳይሸጡ መርጦ ያስቀራል፤ አባላቱም በጋራ ይገለገሉባቸዋል። ለዶሮ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

አውራ ሲቀየር

ከሩቅ ጎጥ የመጣ አውራ ዘር ብቻ ሳይሆን በሽታም ይዞ ሊመጣ ይችላል። ፈንግል አንድ ጊዜ ከገባ ጎጡን ባዶ እንደሚያደርግ የማያውቅ አርሶ አደር የለም። በመሆኑም የአውራ ልውውጥ ያለ ክትባት ባይጀመር ይመረጣል። ሙቀትን በተሻለ የሚቋቋመው፣ በቢሾፍቱ የሚመረተው የፈንግል ክትባት ለገጠር የተመቸ ነው፤ አንዲት ጠብታ በዓይን ውስጥ ትበቃለች፤ በየሦስት በአራት ወሩም መደገም አለበት። በሁለቱም ጎጥ ያሉት ዶሮዎች ልውውጡ ከመደረጉ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድመው ቢከተቡ፣ አውራው ጉዞ ሲጀምር መከላከያው በሰውነቱ ውስጥ ተገንብቶ ይቆያል።

ከክትባቱ በተጨማሪ አዲሱ አውራ ለ21 ቀናት ለብቻው መቆየት አለበት። በቅርጫት ሥር ወይም በትንሽ ጎጆ፣ በተለየ መጠጫና መመገቢያ ይቀመጣል። ለብዙዎች ይህ ትዕግሥት የሚያስጨርስ ነው። ነገር ግን እነዚህ 21 ቀናት ሌላም ጥቅም አላቸው። ዶሮ ከአውራ ያገኘችውን ዘር በሰውነቷ ውስጥ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይዛ ትቆያለች። አሮጌው አውራ ዛሬ ቢሸጥ እንኳ በሚቀጥሉት ሳምንታት የምትጥላቸው እንቁላሎች የእሱ ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ አዲሱ በገባበት ቀን አሮጌውን ማስወገድ፣ በ21ዱ ቀናት የተገኘውን እንቁላል ለምግብ ወይም ለገበያ ማዋል፣ ከዚያ አዲሱን መልቀቅ ነው። ለመታቀፍ የሚሆነው እንቁላል መሰብሰብ ያለበት አዲሱ አውራ ከተለቀቀ ሳምንት ካለፈው በኋላ ነው። የበሽታውም የዘሩም መጠበቂያ ጊዜ አንድ ላይ ያልቃል።

አዲሱን አውራ ከመንጋው ጋር መቀላቀል በምሽት ይቀላል። ጀንበር ስትጠልቅ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ሲወጡ አጠገባቸው ማስቀመጥ ነው፤ አብረው ሲነቁ ጠቡ ይቀንሳል። ጫጩት የያዘች እናት ካለች ግን አዲሱ አውራ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ባይጠጋት ይሻላል።

ሕያው አውራ ማመላለስ ለሚከብዳቸው ሌላ መንገድ አለ፤ እንቁላሉን መለዋወጥ። ከሌላ ጎጥ ጥሩ ዶሮ የተገኘ፣ ከሰባት ቀን ያልበለጠ አንድ ደርዘን እንቁላል በጭድ ወይም በእህል ውስጥ ተቀብሮ ይመጣና በራስ ታቃፊ ዶሮ ሥር ይገባል። ፈንግልን የማምጣት ሥጋቱ ሕያው ዶሮ ከማምጣት ያነሰ ነው። እናቶች "የእንትና ዶሮ እንቁላል ይሰጠኝ" እየተባባሉ ሲያደርጉት የኖሩት ነገር ነው፤ የጎደለው አቅጣጫ ማስያዝ ብቻ ነው። በዚህ መንገድ የተገኘው አውራ ለስሪያ እስኪደርስ ግን ስድስት ወር ያህል መጠበቅ ግድ ይላል።

የትኛው ወንድ ለዘር ይቅር?

አውራ እንቁላል አይጥልም፤ የእናቱን የእንቁላል ብዛት ግን ለሴት ልጆቹ ያወርሳል። ስለዚህ ምርጫው ከአውራው ክብደትና ከላባው ቀለም በፊት ከእናቱ መጀመር አለበት። ብዙ የጣለች፣ ጸንታ የታቀፈች፣ ከፈለፈለቻቸውም አብዛኞቹን ከጭልፊትና ከሸለምጥማጥ ጠብቃ ለጡት ያበቃች ያህል ያሳደገች እናት ልጅ ይመረጣል። ለዚህ እናትና ልጅን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የአንዷን ጫጩቶች ቀይ ክር፣ የሌላዋን ጥቁር ክር እግራቸው ላይ ላላ አድርጎ ማሰር ይበቃል፤ እግሩ ሲወፍር ክሩን መቀየር ግን አይዘንጋ፤ አለዚያ ሥጋውን ይቆርጠዋል። ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ባለበት ቤት በአንድ አሮጌ ደብተር ላይ የታቀፈችበትን ቀን፣ የእንቁላሉን ቁጥርና ሁለት ወር የሞላቸውን ጫጩቶች ቁጥር መመዝገብ ከባድ አይደለም።

ለዘር ያልተመረጡት ወንዶች ሦስት አራት ወር ሲሞላቸው ከእህቶቻቸው ይለዩ፤ ወይም ይሸጡ። ወንዶቹን ያለ ልክ ማቆየት መኖ ያባክናል፤ ቄቦቹንም ያለ ዕድሜያቸው ያስጨንቃል።

በቀለም ላይ ብቻ መምረጥ የሚያመጣው ጉዳት ደግሞ አለ። ገበያው ቀዩን ስለሚወድ ቀይ አውራ ብቻ ከቀረ፣ ገብስማው፣ ዝግርማውና አንገተ መላጣው ከጎጡ ይጠፋሉ። ሐሊማ ሐሰን እና የሥራ ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ብቻ ሰባት የሀገረሰብ ዶሮ ዓይነቶችን በየመገኛቸው ለይተዋል፤ የጥሊሊ፣ የገሊላ፣ የደብረ ኤልያስ፣ የመሎ ሐሙሲት፣ የጋሳይ ፋርጣ፣ የጓንጓና የሜጫ። ይህ ልዩነት ተንከባክቦ ቢመረጥበት ምን ሊሰጥ እንደሚችል በቢሾፍቱ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በሆሮ ዶሮ ላይ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው ሥራ አሳይቷል። ከውጭ ዝርያ ሳይዳቀል፣ ከትውልድ ትውልድ ምርጦቹን ብቻ በማስቀረት የእንቁላሉ ቁጥርና የዶሮው ክብደት ጨምሯል።

ከወረዳው ምን ይጠበቃል?

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በየዓመቱ የተሻሻሉ ዝርያዎችን ያሠራጫሉ። ሥርጭቱ ጠቃሚ ሆኖ ሳለ፣ በሪፖርት ሠንጠረዥ ላይ የሚሰፍረው አብዛኛውን ጊዜ የተሠራጨው ቁጥር ነው፤ ከየት፣ ከየትኛው ፍልፍል፣ ከነማን ጋር እንደመጣ የሚገልጽ ዓምድ የለም። በአንድ ቀን ከአንድ ማዕከል ለአንድ ቀበሌ የተሰጡ ወንዶችና ሴቶች እህትና ወንድም ሊሆኑ እንደሚችሉ ማሰብ ይገባል። ወንዶቹን ለአንዱ ቀበሌ፣ ሴቶቹን ለሌላው መስጠት፣ ወይም ቢያንስ የፍልፍል ቀኑን መዝግቦ በቀጣዩ ዓመት ከተለየ ፍልፍል ወንድ ማምጣት ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም።

ለአርሶ አደሩ በግልጽ ሊነገር የሚገባው ሌላም ነገር አለ። ቦቫንስ ብራውንን የመሰሉት የእንቁላል ዶሮዎች ከተለያዩ የዘር ሐረጎች ተዳቅለው የተገኙ ናቸው። እነሱ ራሳቸው ብዙ ይጥላሉ፤ ልጆቻቸው ግን እንደ እናታቸው አይሆኑም፤ አንዱ ከሌላው የተለያየ ሆኖ ይወጣል። መታቀፍም አይወዱም። ኮኮክ ግን ራሱን የቻለ ዝርያ ስለሆነ ዘመዳም ካልሆነ ወንድ ጋር እስከተራባ ድረስ የራሱን ዓይነት ይሰጣል። ይህ ሳይነገራቸው ቀርቶ ከቦቫንስ ዘር ለማስቀረት የደከሙ አርሶ አደሮች፣ ሁለተኛው ትውልድ ሲያሳፍራቸው "የመንግሥት ዶሮ" አይሆንም ወደሚል መደምደሚያ ይሄዳሉ።

የጊዜው ጉዳይ ደግሞ አያዘናጋም። ክረምቱ ወጥቶ በጥቅምት መጨረሻ የታቀፈ እንቁላል በኅዳር ይፈለፈላል። ደረቁ ወቅት ስለሆነና አውድማ ላይ ጥራጥሬ ስለማይጠፋ ከክረምት ጫጩት ይልቅ የማደግ ዕድሉ ሰፊ ነው። ያ ጫጩት የካቲት ሲገባ ወንድነቱ ይለያል፤ ፋሲካ ሲደርስም አምስት ወር ገደማ ይሆነዋል። የጎጡ ሴቶች ለዘር የሚሆኑትን ለይተው ክር የሚያስሩበት፣ ክትባቱ የሚሰጥበትና ወደ ቀጣዩ ጎጥ የሚሻገሩበት ጊዜ ስለዚህ ከየካቲት እስከ ሆሳዕና ዋዜማ ያለው ነው። ከሆሳዕና በኋላ ነጋዴው በር ላይ ይቆማል።